ተብታባው ሊቅና የመድፉ አረር

ኒኮሎ ታርታሊያ በኢጣልያ፥ በብሬሺያ ከተማ ከድኻ ቤተ ሰብ ተወለደ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1512 የፈረንሳይ ጦር ከተማይቱን ሲዘርፍ፥ ልጁ ከተሸሸገበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ወታደር ፊቱን በሰይፍ ቆረጠው። ሐኪም የምትከፍልበት ያልነበራት እናቱ ቁስሉን ራሷ እያጠበች አዳነችው፤ አንደበቱ ግን ተሳሰረ። ታርታሊያ የተባለውም ስለዚህ ነው፤ ተብታባ ማለት ነው።

አብዛኛውን ትምህርት በራሱ ጥረት አግኝቶ የሒሳብ መምህር ሆነ። በ1531 በቬሮና አንድ መድፈኛ፥ መድፍ በምን ያህል ቢቃና አረሩ እጅግ እንደሚርቅ ጠየቀው። ታርታሊያም 45 ዲግሪ ነው አለ። (ይህ በትክክል የሚሠራው አየር ባይኖር ነው፤ አየሩ አረሩን ይጎትተዋልና።)

ምርምሩን ከቀጠለ በኋላ ግን የመግደያን ጥበብ ማሻሻል ነውርና ኀጢአት መስሎ ታየው፤ ጽሑፉንም አቃጠለ። ዳሩ ግን ቱርኮች ሊመጡ ነው ሲባል ሐሳቡን ለውጦ በ1537 አሳተመው። ፊቱን የቆረጠው እኮ ቱርክ አልነበረም!

በ1546 ባወጣው መጽሐፍ፥ ክብደቱ ዘወትር ወደ ታች ስለሚስበው የአረር መንገድ ከቶ ቀጥ ያለ ክፍል እንደሌለው አስረዳ። መንገዱ ፓራቦላ መሆኑን ጋሊሌዎ ያሳተመው በ1638 ነው። ታርታሊያ ያን ጊዜ የለም፤ በ1557 በቬኒስ በድኽነት ሞቶ ነበር።