ታንግ ዪንግ

ተማሪዎች፣ ቡና የሚቀዳበት ሲኒ ስሙን ያገኘው ከዐረብኛ ሲሆን ትርጉሙም ቻይናዊ ማለት ነው። በዚህ ስስና ነጭ ሸክላ ሥራ ስሟ ከሁሉ የገነነው የቻይና ከተማ ጂንግደጄን ናት። ታንግ ዪንግ የሚታወሰውም በዚህችው ከተማ በፈጸመው ሥራ ነው።

ታንግ ዪንግ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1682 በሼንያንግ ተወለደ። በ16 ዓመቱ ወደ ቤተ መንግሥት አገልግሎት ገባ። በ1728 ንጉሠ ነገሥት ዮንግጄንግ በቤተ መንግሥቱ የሸክላ ምድጃዎች ላይ ሹም አድርጎ ወደ ጂንግደጄን ሲልከው፣ ስለ ሸክላ አሠራር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ከወዳጆቹ ተለይቶ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሠራተኞቹ ጋር እየበላና እያደረ ሙያውን ተማረ። አንድ የቤተ መንግሥት ሹም ይህን ማድረጉ ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደ ነበር ገምቱ!

ከተሰጡት ትእዛዞች ብርቱው የጥንት ዕቃዎችን አስመስሎ መሥራት ነበር። ከቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት በሱንግ ነገሥታት ዘመን፣ ማለትም ከ960 እስከ 1279 ባለው ጊዜ፣ የተሠሩ ዕቃዎች ለናሙና ይላኩለት ጀመር። ከእነዚህ መካከል ሩ የተባለው ሰማያዊ መልክ ያለው ሸክላ የተሠራው ለጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ብቻ ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ የሚታወቀው ከመቶ አይበልጥም። ችግሩን ልብ በሉ፤ አሮጌ ዕቃ መልኩን ያሳያል እንጂ አሠራሩን አይናገርም። በልባሱ ውስጥ ያለው ጥቂት ብረት እሳቱ አየር ሲበዛበት ወደ ቢጫነት፣ አየር ሲያጥረው ወደ ሰማያዊነት ያደላል። ጁን የተባለውን ሐምራዊ ልባስ ምሥጢር ለማግኘትማ ታንግ ዪንግ በ1729 ረዳቱን እስከ ጥንቱ የሥራ ስፍራ ድረስ ልኮ አስጠይቋል።

በ1735 በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ 57 ዓይነት ሥራዎችን ሲዘረዝር ብዙዎቹ የጥንቱን የተከተሉ ነበሩ። ይሁን እንጂ በአብዛኞቹ ዕቃዎች ግርጌ የዘመኑ ንጉሠ ነገሥት የዘመነ መንግሥት ስም ይጻፍ ስለ ነበር፣ ሥራውን ማጭበርበር ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

በ1743 በንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ትእዛዝ የሸክላን አሠራር በ20 ሥዕሎች አስደግፎ ጻፈ። በ1756 ዐረፈ።

ከጽሑፎቹ አንዱ ከእርሱ በፊት ስለ ነበረ ቶንግ ቢን ስለ ተባለ ሸክላ ሠሪ ይተርካል። ዘንዶ የተሣለበት ትልቅ ጋን አልሳካ ብሎ ጓደኞቹ ሲቀጡ ባየ ጊዜ፣ ቶንግ ቢን ራሱን ወደ ምድጃው እንደ ወረወረ ይነገራል። ታንግ ዪንግ ከዚያ ዘመን የቀረ እንከን ያለበት ጋን አግኝቶ፣ በክብር አስነሥቶ በሟቹ መታሰቢያ ቤት አጠገብ አስቀመጠው።