የስቴንሰን ቦይ ባለቤት

ኒልስ ስቴንሰን፣ በላቲን አጠራር ኒኮላስ ስቴኖ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1638 ዓ.ም. በኮፐንሃገን ከተማ ከአንድ ወርቅ አንጥረኛ ቤት ተወለደ። በ1656 ዓ.ም. በከተማው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕክምና ተማረ። በ1660 ዓ.ም. ትምህርቱን ለማስፋት ወደ ሆላንድ ተሻግሮ፣ በአምስተርዳም በመምህሩ በጌራርድ ብላሲየስ ቤት ተቀመጠ።

አንድ ቀን ብቻውን ሆኖ የበግ ራስ ይመረምር ጀመር። አሳቡ አንጎሉን ለማየት ነበር፤ ሆኖም አስቀድሞ ወደ አፍ የሚሄዱትን ሥሮች ሲከታተል የቢላዋው ጫፍ በአንድ ክፍት መንገድ ውስጥ ያለ መሰናክል ሲንሸራተት ተሰማው። ጥቂት ቢገፋው ብረቱ ጥርስ ነክቶ ድምፅ ሰጠ። ይህም ከጆሮ ሥር ካለው ትልቅ የምራቅ ዕጢ ተነሥቶ ወደ አፍ የሚገባው ቦይ ነበር።

ተማሪው ያገኘውን ለመምህሩ ቢያሳየው፣ ብላሲየስ በቢላዋ ጉልበት የተቀደደ ወይም በዚያ በግ ላይ ብቻ የታየ እንግዳ ነገር ነው በማለት ናቀው። ኋላ ግን ግኝቱን የራሱ አደረገው፤ ተማሪውንም በሌብነት ከሰሰው። ስሙ የጠፋ ወጣት ሐኪም ተስፋው አብሮ እንደሚጠፋ ግልጽ ነው።

ስቴንሰን በዚያን ጊዜ ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ነበር። መልሱ ስድብ ሳይሆን ሥራ ሆነ። መምህሩ በጻፈው ውስጥ የቦዩ መነሻም መድረሻም በትክክል እንዳልተገለጸ አስረዳ። ከዚያም አልፎ የአፍንና የዓይንን ዕጢዎች መርምሮ በ1662 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳተመ። የላይደን መምህራን ሲልቪየስና ቫን ሆርን እውነቱን ተቀበሉለት፤ ቦዩም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

በሰው ራስ ይህ ቦይ 5 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት አለው። በማኘኪያው ጡንቻ ላይ ተጋድሞ ወደ ፊት ይሄድና የጉንጭን ጡንቻ በስቶ፣ በላይኛው ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ አንጻር ይከፈታል። በዚያ አካባቢ ባሉት ጥርሶች ላይ፣ በጉንጭ በኩል፣ ጠንካራ ቆሻሻ ቶሎ የሚጋገረው ስለዚህ ነው፤ ምራቁ ይዞት የሚመጣው ካልሲየምና ፎስፌት በጥርሱ ላይ የተለጠፈውን ስስ የባክቴሪያ ንጣፍ ያደነድነዋል። የጥርስ ጤና ተማሪ የቦዩን አፍ ካወቀ፣ ቆሻሻውን የት እንደሚፈልግ አወቀ ማለት ነው።

ስቴንሰን በ1666 ዓ.ም. በፍሎረንስ ሳለ የአንድ ትልቅ ሻርክ ራስ ተላከለት። ጥርሶቹን አይቶ፣ ከምድር የሚወጡት የምላስ ድንጋይ የሚባሉት ነገሮች የጥንት ሻርክ ጥርሶች መሆናቸውን በሚቀጥለው ዓመት ጻፈ። በኋላም የካቶሊክ ቄስ፣ በ1677 ዓ.ም. ጳጳስ ሆነ። በ1686 ዓ.ም. በሽቬሪን ከተማ በ48 ዓመቱ ዐረፈ።

መምህርን ማክበር ተገቢ ነው። ነገር ግን በሳይንስ ሸንጎ ረቺ የሚሆነው ማዕርጉ የላቀው ሳይሆን፣ መነሻውንና መድረሻውን ለይቶ የሚያሳየው ነው።