ሉዊስ ብሬል፦ ከገጠር የተነሣው ዐይነ ስውር መምህር

ዐይነ ስውራን በጣታቸው የሚያነቡት ጽሑፍ ብሬል ይባላል። ስሙ የሰው ስም ነው፤ ያ ሰውም የገጠር ልጅ ነበር።

ሉዊስ ብሬል እ.ኤ.አ. በ1809 በፈረንሳይ፣ ከፓሪስ በስተምሥራቅ ባለችው ኩቭሬ መንደር ተወለደ። አባቱ የፈረስ ዕቃ ሰፊ ነበሩ። በሦስት ዓመቱ በአባቱ መሥሪያ ሲጫወት የቆዳ መብሻው ወስፌ አንድ ዐይኑን ወጋው። ቁስሉ አመረቀዘ፤ ሕመሙም ወደ ሌላው ዐይን ተሻግሮ በአምስት ዓመቱ ፈጽሞ ታወረ።

ወላጆቹ ግን ቤት አላስቀሩትም። አባቱ በትር ሠሩለት፤ በእሱ እየዳሰሰ የመንደሩን መንገድ ለመደ። እንጨት ላይ ምስማር መትተው የፊደልን ቅርጽ በጣቱ አስለዩት። የመንደሩ ቄስ አስተማሩት፤ የትምህርት ቤቱ መምህርም ከሚያዩት ልጆች ጋር ተቀበሉት። ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ ሆኖም የሚማረው በጆሮው ብቻ ነበር።

በ10 ዓመቱ ፓሪስ በሚገኘው የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባ። በዚያ የነበሩት መጻሕፍት ፊደላቸው ከወረቀቱ ጎላ ብሎ የታተመ፣ ጥቂትና ከባድ ነበሩ። በዚያ ዓይነት ፊደል ተማሪው ራሱ ሊጽፍ አይችልም። በኋላ ሻርል ባርቢዬ የተባለ የጦር መኮንን በ12 ነጥቦች የሚጻፍ ዘዴ አመጣ። ሉዊስ እሱን እያሻሻለ በ15 ዓመቱ ወደ ስድስት ነጥብ አወረደው፤ አንዱ ፊደል በአንድ ጣት ጫፍ ሥር ይገባል። በ1829 ዘዴውን አሳተመ፤ በዚያው ትምህርት ቤትም መምህር ሆነ። አንድ ዳይሬክተር ጽሑፉን ቢከለክልም ተማሪዎቹ ተደብቀው ይጽፉበት ነበር። ሉዊስ በ1852 በሳንባ ነቀርሳ ዐረፈ። ትምህርት ቤቱ ዘዴውን በይፋ የተቀበለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ የእኛም ፊደል በእነዚያው ስድስት ነጥቦች ይጻፋል።

በአገራችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቃሉ በጆሮ ስለሚገባ፣ በዜማና በቅኔ የበሰሉ ዐይነ ስውራን ሊቃውንት ኖረዋል። ዘመናዊው ትምህርት ግን በሰሌዳና በመጽሐፍ ነው። ብሬል ያልተማረ ልጅ ክፍል ቢገባም ከፈተና ላይ ይቀራል። ከአሸተን ማርያም በኩል ወደ ላሊበላ የሚወርድ ልጅ ደግሞ በዚያ ገደላማ መንገድ መሪ ያስፈልገዋል። ሴት ልጅ ስትሆን የወላጅ ፍርሃት ይብሳልና ከቤት ሳትወጣ ልትቀር ትችላለች።

ለእነዚህ ልጆች የብሬል መጻፊያ ስሌትና ስታይለስ፣ ወፍራም ወረቀት፣ ብሬል የሚያውቅ መምህርም ያስፈልጋል፤ በዚህ ረጂዎቻችን ሊያግዙን ይችላሉ። የቀረው ከእኛ ነው። እኅቶች፣ በሰፈራችሁ ቤት የተቀመጠ ዐይነ ስውር ልጅ ካለ እናቱን አነጋግሩ፤ በምዝገባ ጊዜ አብራችኋት ሂዱ። የጎረቤት ልጅ መንገድ እንዲመራው፣ መምህሩም ሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ጠይቁ። የሉዊስም ትምህርት የተጀመረው አባቱ በሠሩለት በትርና በመቱለት ምስማር ነው።