ዶክቶር ዊልያም ሪቨርስ፤ የማይታየውን የጦርነት ቍስል የመረመሩ ሐኪም

ለዚህ የበዓል መጽሔት የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ እንድናዘጋጅ በታዘዝን ጊዜ፣ አብዛኞቹ ጓደኞቻችን የጦር አዝማቾችንና የአገር መሪዎችን መረጡ። እኛ ደግሞ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ሰዎችን ሌሊት ሌሊት የሚያስጮኻቸው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የደከሙትን አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም መረጥን። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ዊልያም ሪቨርስ በ1864 ዓ.ም. በኬንት አውራጃ ተወለዱ። አባታቸው ቄስ ሲሆኑ የሚንተባተቡ ሰዎችን አንደበት በማቃናት ሥራም የታወቁ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ የገዛ ልጃቸው መንተባተብ ዕድሜ ልኩን አልለቀቀም። ከመካከላችን በክፍል ፊት ቆሞ ማንበብ የሚያስጨንቀው ሁሉ፣ እኒህ ሰው ኋላ በካምብሪጅ ኡኒቨርሲቲ መምህር እንደ ሆኑ ሲሰማ ደስ ሳይለው አይቀርም።

ስለ ልጅነታቸው ራሳቸው የጻፉት አንድ ነገር አለ። እስከ አምስት ዓመታቸው ድረስ የኖሩበትን ቤት ምድር ቤቱን በዓይነ ልቡናቸው ያዩታል፤ ፎቁን ግን ፈጽሞ ሊያስታውሱት አልቻሉም። በዚያ ፎቅ ላይ አእምሮ ሊያስበው የማይወድ አንድ ነገር ደርሶብኝ ይሆናል ብለው ይጠረጥሩ ነበር። የሌሎችን የተደበቀ ትዝታ ሲመረምር የኖረ ሰው የራሱን ሳያገኝ መቅረቱ እጅግ አሳዘነን።

በ1886 ዓ.ም. በለንደን የሕክምና ትምህርታቸውን ጨረሱ። በ1898 ዓ.ም. ተማሪያቸው ከነበሩት ከቻርልስ ማየርስና ከሌሎች ጋር ወደ ቶሬስ ደሴቶች ተጕዘው የደሴቶቹን ሰዎች የማየትና የመስማት ችሎታ መረመሩ፤ በደቡብ ሕንድ ስለሚኖሩት ስለ ቶዳ ሰዎችም በ1906 ዓ.ም. ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1903 ዓ.ም. ደግሞ ወዳጃቸው ሐኪሙ ሄንሪ ሄድ ከገዛ ክንዱ ላይ ጅማት አስቈርጦ፣ የመዳሰስ ስሜት እንዴት እንደሚመለስ ሁለቱ ለአራት ዓመት ያህል ተከታተሉ። እንግዲህ ጦርነቱ ሲጀመር በዕውቀት የበሰሉ የአምሳ ዓመት ሰው ነበሩ።

ያ ጦርነት በ1914 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ በፈረንሳይ ምሽጎች ውስጥ እንግዳ በሽታ ታየ። አካላቸው ያልቈሰለ ወታደሮች ድምፃቸው ጠፋ፣ እግራቸው አልታዘዝ አለ፣ ዓይናቸው ማየት ተሳነው። ማየርስ በየካቲት 1915 ዓ.ም. ስለዚህ በሽታ በሕክምና መጽሔት ሲጽፉ የመድፍ ድንጋጤ በሚል ስም ጠሩት፤ አንዳንድ ሐኪሞችም የፈንጂው ኃይል አንጎልን አናውጦ ነው ብለው አሰቡ። እኛም ስሙን በሰማን ጊዜ እንደዚሁ መስሎን ነበር። ነገር ግን መድፍ በአጠገባቸው ያልፈነዳ ሰዎች ሁሉ ይታመሙ ስለ ነበረ ይህ አሳብ አልጸናም። የቀሩትም ፍርሃት ነው፣ ማስመሰል ነው ይሉ ነበር፤ እንዲህ ባለው ጊዜ ፈሪ መባል እስከ ሞት የሚያደርስ ፍርድ ነው።

ሪቨርስ በ1915 ዓ.ም. በማጉል ሆስፒታል፣ በሚከተለው ዓመት ደግሞ በኤዲንበርግ አጠገብ ባለው በክሬግሎክሃርት የመኰንኖች ሆስፒታል ገቡ። በዚያን ጊዜ ለሕሙማን የሚሰጠው የተለመደ ምክር ያየኸውን እርሳው፣ ስለ ሌላ ነገር አስብ የሚል ነበር። ሪቨርስ ግን መኰንኖቹ ቀኑን ሙሉ ትዝታቸውን ሲያባርሩ ውለው፣ ሌሊት በቅዠት እንደሚመለስባቸው አዩ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጋር ተቀምጠው የደረሰበትን ነገር ቀስ በቀስ እንዲናገር ያደርጉ ነበር፤ ቀንም ሌሊትም ያንኑ ብቻ ማሰላሰል እንደዚሁ ጎጂ መሆኑን ግን አልሸሸጉም።

ከነዚህ አንዱ፣ በመድፍ የተበጣጠሰ የወዳጁን ሬሳ ያገኘ መኰንን ነበር። ሌሊት ሌሊት ያ ወዳጁ እንደዚያው ሆኖ ይመጣበታል። ሪቨርስ ታሪኩን ሰምተው፣ አካሉ እንዲህ መሆኑ በቅጽበት ሳይሠቃይ እንደ ሞተ ማስረጃ መሆኑን አመለከቱት። ሰውየው ይህን አስቦ አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ባየው ሕልም በወዳጁ አጠገብ ተንበርክኮ ሲያነጋግረው አየ፤ ቅዠቱም እየቀለለ ሄደ።

ይሁን እንጂ ሁሉም እንዲህ አልተሳካም። ሌላው መኰንን ፈንጂ ወርውሮት ፊቱ በሰነበተ የጠላት ሬሳ ሆድ ላይ ወድቆ ነበር፤ ጣዕሙና ሽታው አልለቀቀውም። ሪቨርስ ከዚህ ውስጥ የሚያጽናና አንድም ነገር ሊያገኙለት አልቻሉም፤ ከሠራዊቱ ወጥቶ ቀድሞ ዕረፍት ወዳገኘበት ወደ ገጠር እንዲሄድ ብቻ መከሩት። ይህንንም ያልተሳካ ሥራቸውን ሳይደብቁ በ1918 ዓ.ም. በታተመው ጽሑፋቸው ውስጥ ከተሳካው ጋር አስፍረውታል። እኛ ከሁሉ ይልቅ ያከበርናቸው በዚህ ነው።

በሐምሌ 1917 ዓ.ም. ሌላ ዓይነት ሰው መጣ። ባለቅኔው መኰንን ዚግፍሪድ ሳሱን በጀግንነቱ የተሸለመ ሲሆን፣ ጦርነቱ ያለ አግባብ እየተራዘመ ነው ሲል በይፋ ተቃወመ፤ ከጦር ፍርድ ቤት ለማዳን ወዳጁ ታሟል ብሎ ወደ ሆስፒታሉ እንዲላክ አደረገ። ሪቨርስ አእምሮው ጤነኛ መሆኑን ዐወቁ። የመንግሥት ደንብ ልብስ የለበሱ ሐኪም ስለ ነበሩ ግን ሥራቸው ሰውየውን ወደ ግዳጁ መመለስ ነበር፤ ባላበደ ሰው ላይ ይህን ማድረግ ቀላል አልሆነላቸውም። ወጣቱ በክርክር ቢያሸንፈኝስ የሚለው አሳብ በገዛ ሕልማቸው እንደ መጣባቸው ኋላ ጽፈዋል። ሳሱን በመጨረሻ በፈቃዱ ወደ ጦር ሜዳ ተመለሰ፣ በ1918 ዓ.ም. ራሱ ላይ ቈሰለ፣ ዳነም። በዚያው ሆስፒታል በሌላ ሐኪም እጅ የታከመው ባለቅኔ ዊልፍሬድ ኦወን ግን ድኖ ከተመለሰ በኋላ ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው ተገደለ። መዳን እንደገና ወደ እሳት መላክ ከሆነ የሐኪሙ ደግነት ለማን እንደ ጠቀመ፣ እኛ ብዙ ተከራክረን አልተስማማንም።

ሪቨርስ የተራው ወታደርና የመኰንኑ ሕመም እንደሚለያይ አስተውለው ነበር፤ ተራው ወታደር ድምፁ ሲጠፋ ወይም እግሩ ሲሰንፍ፣ መኰንኑ ግን በጭንቀትና በቅዠት ይሠቃይ ነበር። ትዕግሥት የተሞላው ሕክምናም ከሁሉ ይልቅ የደረሰው ለመኰንኖቹ ነው። በዚያ ጦርነት ጊዜ በመክዳት፣ በፍርሃትና በመሳሰለው ጥፋት የተረሸኑ 306 የእንግሊዝ ሠራዊት ሰዎች፣ አብዛኞቹ ተራ ወታደሮች የነበሩ፣ ይቅርታ የተደረገላቸው በ2006 ዓ.ም. ነው። በሽታውም በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መዝገብ ውስጥ ዛሬ በሚታወቅበት ስም የገባው በ1980 ዓ.ም. ነበር።

ሪቨርስ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ካምብሪጅ ተመልሰው አስተማሩ፤ በሠራተኞች ፓርቲ ስም ለፓርላማ ሊወዳደሩም ተነሥተው ነበር። ነገር ግን በሰኔ 1922 ዓ.ም. አንጀታቸው ታንቆ በድንገት ታመሙና በ58 ዓመታቸው ዐረፉ። ሳሱን በ1936 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የብዙዎቹን ሰዎች ስም ለውጦ ሲጽፍ፣ የሪቨርስን ስም ሳይለውጥ እንዳለ አስፍሮታል። የክሬግሎክሃርት ሕንጻ ዛሬ የኤዲንበርግ ናፒየር ኡኒቨርሲቲ ክፍል ሲሆን፣ እነዚያ መኰንኖች ይመላለሱበት በነበረው ግቢ ተማሪዎች ይማሩበታል።