ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፤ ከቀረጥ መዝገብ ጀርባ የሀገርን ድህነት ያነበቡት ሊቅ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል በምትገኘው ቃሊቲ በየዕለቱ ከጅቡቲ ወደብ የመጡ የጭነት ተሽከርካሪዎች ይቆማሉ። ዕቃው በጉምሩክ ይፈተሻል፤ ዋጋው ይገመታል፤ ቀረጡም ይሰላል። ለፋብሪካ የመጣው ማሽን ከቀረጥ ነጻ እንዲያልፍ ሲፈቀድለት፣ ለገበያ የመጣው የተሰፋ ልብስ ከፍ ያለ ቀረጥ ይከፈልበታል። ይህ ልዩነት በዘፈቀደ የተደረገ አይደለም። መንግሥት የቱን ሥራ ማበረታታት፣ የቱንስ መገደብ እንደሚፈልግ የሚገልጥበት ቋንቋ ነው። ይህን ቋንቋ ኢትዮጵያ እንድትናገረው ከመቶ ዓመት በፊት አጥብቀው የወተወቱ ሰው ነበሩ። እኒህ ሰው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይባላሉ።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አካባቢ ማይ ምሻም በተባለ ስፍራ ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አባታቸው ባይከዳኝ ከዐጼ ዮሐንስ ጋር ዘምተው በመተማ ጦር ሜዳ ወደቁ። ዘመኑ ክፉ ነበር። ከብቱ በበሽታ አለቀ፤ እርሻው ጾሙን አደረ፤ ረሃቡም ሰውን ከቀዬው አፈናቀለ። ብላቴናው ገብረ ሕይወትም እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ልጆች ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተሰደዱ። በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ፊደል ቆጠሩ።

ከዚያ በኋላ የሕይወታቸውን አቅጣጫ የለወጠው መርከብ ነበር። ከምጽዋ ወደብ የተነሳው መርከብ ልጁን ይዞ ወደ አውሮፓ ተሻገረ። በዚያም አንድ ባለጸጋ ኦስትሪያዊ ቤተሰብ እንደ ልጅ ተቀብሎ አሳደጋቸው። ጀርመንኛን አቀላጥፈው ተማሩ፤ በኦስትሪያና በጀርመን ምድርም ዕውቀት ቀሰሙ። የጭስ ማውጫዎችን፣ የባቡር መንገዶችን፣ ባንኮችንና ትምህርት ቤቶችን በቅርበት አዩ። ሌሎች በዕቃው ብዛት ሲደነቁ እርሳቸው ግን ዕቃውን የሚወልደውን ሥርዓት መመርመር ያዙ።

ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በዐጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። የንጉሡ ሕመም እየጠና፣ የመኳንንቱ ሽኩቻም እየበረታ ሲሄድ ገብረ ሕይወት ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በዚያም ጤናቸው ታወከ። ሆኖም ብዕራቸው አላረፈም። ዐጼ ምኒልክንና ኢትዮጵያን የሚመለከተው ጽሑፋቸው በ1904 ዓ.ም. በአስመራ በታተመው ብርሃን ይሁን በተሰኘው መጽሐፍ ውስጥ ወጣ። በዚህ ጽሑፍ የነገሥታቱን ታሪክ ያለ ውዳሴ መረመሩ። የመንግሥት ገንዘብ ከንጉሡ የግል ሀብት እንዲለይ፣ የገበሬው ግብር ተቆርጦ እንዲታወቅ፣ ሹማምንትና ወታደሮች በደመወዝ እንዲያድሩ፣ ሕግና ትምህርት እንዲስፋፋ ሐሳብ አቀረቡ። የጃፓንን ምሳሌ አጥብቀው ይወዱ ነበር። ጃፓን ነጻነቷን ያስከበረችው በጀግንነት ብቻ ሳይሆን በዕውቀትም ጭምር መሆኑን ተረድተው ነበርና።

የሱዳኑ ስደት አብቅቶ ወደ ሀገራቸው ከተመለሱ በኋላ ሐሳባቸውን በተግባር ለመፈተን የሚያስችል ሹመት አገኙ። በመጀመሪያ የባቡር መንገዱ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ነጋድራስ ማለት በዚያ ዘመን የነጋዴዎች አለቃ፣ የቀረጥ ሰብሳቢና በንግድ ጉዳይ ፈራጅ ነው። ድሬዳዋ ደግሞ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰባት ጀምሮ የሀገሪቱ ዋና የንግድ በር ሆና ነበር። ሐዲዱ አቃቂን አቋርጦ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ነጋድራሱ የተሾሙት ባሕር ማዶና መሐል ሀገር በአንድ ሐዲድ በተገናኙበት ወቅት ነበር።

በዚያ በር ላይ የቆመ ቀረጥ ሰብሳቢ የሀገሩን ንግድ እንደ መስታወት ያየዋል። ወደ ውጭ የሚወጣው ቡና፣ ቆዳ፣ ሰምና የዝሆን ጥርስ ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው አቡጀዲ፣ ጦር መሣሪያ፣ የብረት ዕቃና መጠጥ ነው። ሌላው ሹም ይህን አይቶ የሰበሰበውን ቀረጥ ይቆጥር ነበር። ገብረ ሕይወት ግን ከዕቃው በስተጀርባ ያለውን ድካም ቆጠሩ። ገበሬው ወራት የደከመበትን ምርት ሰጥቶ፣ በመኪና በጥቂት ሰዓት የተሠራ ጨርቅ ይገዛል። ጥሬው ቆዳ በርካሽ ይሄዳል፤ ጫማ ሆኖ በውድ ይመለሳል። ንግድ በመሠረቱ ድካምን በድካም መለወጥ ከሆነ፣ ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት ያጣ ሕዝብ ሲገበያዩ ሚዛኑ ለዘወትር ወደ አንድ ወገን ያጋድላል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሕዝብ በጦር ባይገዛም በገበያ ይገዛል። የነጋድራሱ ዋና ትምህርት ይህ ነበር።

ታዲያ መፍትሔውን ከውጭው ብቻ አልፈለጉም። የራስን ቤት አስቀድመው መረመሩ። በየአውራጃው የቆመው ኬላ ከነጋዴው ደጋግሞ ቀረጥ ስለሚወስድ ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው የሚሄድ እህልና ሸማ ገበያ ሳይደርስ ዋጋው ይንራል። ገበሬው የሚከፍለው ግብር ልክ ስለማይታወቅ፣ ትርፍ ቢያመርት ትርፉ የወታደርና የሹም ሲሳይ ይሆናል። ትርፉን የማያገኝ ገበሬ ደግሞ አብዝቶ ለማረስ አይተጋም። እጁ ላይ ገንዘብ ስለሌለውም ሸማኔውና ቀጥቃጩ ያበጁትን ሊገዛ አይችልም። ስለዚህ በእርሳቸው ዓይን የኢንዱስትሪ መሠረት ፋብሪካው ሳይሆን ልቡ ያረፈ፣ የድካሙን ዋጋ ያገኘ ገበሬ ነበር።

ከዚህ ጋር መንግሥት የራሱ ገንዘብና ባንክ እንዲኖረው፣ መንገድ እንዲሠራ፣ ልጆች የእጅ ሙያና ሳይንስ እንዲማሩ ተከራከሩ። ባቡሩንም በጭፍን አላሞገሱትም። የባዕድ ኩባንያ የያዘው ሐዲድ የሀገር ውስጥ ሙያ ካልታገዘ ጥሬ ዕቃን በፍጥነት አውጥቶ የተሠራ ዕቃን በፍጥነት ከማስገባት አያልፍም። የጉምሩክ ቀረጥም የግምጃ ቤት መሙያ ብቻ እንዳይሆን፣ የሀገሬውን ሥራ መጠበቂያ አጥር እንዲሆን ፈለጉ።

ይህ የመጨረሻው ምኞት ግን ከባድ ግድግዳ ነበረበት። ኢትዮጵያ በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር በተፈራረመችው የክሎቡኮውስኪ ውል መሠረት ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የምትጥለው ቀረጥ ከመቶ አሥር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። የሌሎች መንግሥታት ዜጎችም በዚሁ ውል ይጠቀሙ ነበር። አድዋ ላይ ድል ያደረገች ሀገር በራሷ በር ላይ የራሷን ቀረጥ ለመወሰን እጇ ታስሮ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዘመን በባሕር ማዶ የህንድ ሕዝብም ተመሳሳይ ቀንበር ተሸክሞ ነበር። የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ እ.ኤ.አ. በ1896 ከውጭ በሚገባው የጥጥ ጨርቅ ላይ ከመቶ ሦስት ተኩል ቀረጥ ሲጥል፣ የማንቸስተር ባለፋብሪካዎች እንዳይጎዱ በማሰብ ህንዳውያን ራሳቸው በፋብሪካ በሚሠሩት ጨርቅ ላይም ያንኑ ያህል ግብር ጣለ። ዳዳባይ ናኦሮጂን የመሳሰሉ የህንድ ሊቃውንት የሀገራቸው ሀብት ወደ እንግሊዝ እየፈሰሰ መሆኑን በቁጥር ሲያስረዱ፣ ድሬዳዋ ላይ የነበሩት ኢትዮጵያዊ ነጋድራስም በራሳቸው መንገድ ወደ ተቀራራቢ መደምደሚያ ደርሰው ነበር።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ሐሳባቸው ፍሬ ሲያፈራ ለማየት አልታደሉም። በ1911 ዓ.ም.፣ ገና በ33 ዓመታቸው አረፉ። ዋናው ሥራቸው መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የታተመው ከሞታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. በወዳጃቸው በጳውሎስ መናመኖ ጥረት ነው። መጽሐፉ በአማርኛ ከተጻፉት የምጣኔ ሀብት ሥራዎች ቀዳሚ ሆኖ ይጠራል። የጥሬ ዕቃ ሻጭ ሀገሮች በዓለም ንግድ ስለሚደርስባቸው ጉዳት የላቲን አሜሪካው ራውል ፕሬቢሽ በዓለም ዘንድ የታወቀበትን ጥናት ያወጣው ከዚህ መጽሐፍ ኅትመት ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው።

ሐሳባቸው እንከን የለሽ ነበር ማለት ግን አይደለም። ለውጡን ሁሉ የሚጠብቁት ልብ ካለው ንጉሥና ከተማሩ ጥቂት ሹማምንት ነበር። ገበሬው ራሱ ስለ ግብሩና ስለ መሬቱ የሚናገርበት አደባባይ በዕቅዳቸው ውስጥ ሰፊ ቦታ አላገኘም። ይህ ጉድለት ከእርሳቸው በኋላ በመጡት መንግሥታት ሁሉ ዘንድ ደጋግሞ ታይቷል።

ከሞቱ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1923 ዓ.ም. መንግሥት በባዕዳን እጅ የነበረውን ባንክ በኢትዮጵያ ባንክ ተካው። በዚያው ዓመት በውጭ ዕቃ ላይ የፍጆታ ግብር በመጣል የአሥር ከመቶውን ወሰን በዘዴ አለፈው። የውጭ መንግሥታት ቢያጉረመርሙም መንገዱ ተከፈተ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አቃቂ ላይ የኢትዮጵያና የህንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። ባለሀብቱ ቢርላ የተባለው የህንድ ኩባንያ ነበር። በራሷ ጨርቅ ላይ ግብር ይጣልባት የነበረችው ህንድ ነጻ ወጥታ፣ ኢንዱስትሪዋን አጠናክራ፣ ፋብሪካ ይዛ ወደ ኢትዮጵያ መጣች። መንግሥትም በ1950ዎቹ መጨረሻ ባወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቢያንስ 200 ሺህ ብር ላፈሰሰ አዲስ ድርጅት የአምስት ዓመት የገቢ ግብር እፎይታ ሰጠ። በ1967 ዓ.ም. ግን ደርግ ከ70 በላይ ድርጅቶችን ሲወርስ ፖሊሲው በአንድ ቀን አዋጅ ተገለበጠ።

ዛሬም ከቃሊቲ እስከ ቂሊንጦ ፋብሪካና የኢንዱስትሪ ፓርክ ይታያል። ግብር እፎይታውና ከቀረጥ ነጻ መብቱም አለ። የነጋድራሱ መጽሐፍ ግን ማበረታቻውን የሚመዝንበት ሌላ ሚዛን ትቶልናል። መንግሥት የሚተወው ቀረጥ የሕዝብ ገንዘብ ነውና፣ በምትኩ ሠራተኛው የሚቀስመው ሙያ፣ ገበሬው ለጥጡና ለቆዳው የሚያገኘው ዋጋ፣ ሀገር ውስጥ የሚቀረው ዕውቀት ምን ያህል ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ማሽኑ ከቀረጥ ነጻ ገብቶ ጥሬ ዕቃውም ከውጭ የሚመጣ ከሆነ፣ ፋብሪካው በሀገር ምድር ላይ ቆሞም ለሀገሬው ገበሬ ሩቅ ነው። በአቅራቢያው ያለው ገበሬ ያመረተውን የሚገዛ፣ ልጁን በሙያ የሚያሠለጥን ከሆነ ግን የተተወው ቀረጥ በብዙ እጥፍ ይመለሳል።

በአባታቸው ሞትና በረሃብ የጀመረው የገብረ ሕይወት ሕይወት በዕድሜ አጭር ነበር። ያም ሆኖ ድህነት ከሰማይ የወረደ ዕጣ ሳይሆን በሥርዓት የተሠራ፣ በሥርዓትም የሚፈርስ ነገር መሆኑን አስተምረው አልፈዋል። የቀረጥ መዝገብን የሀገር ዕጣ መዝገብ አድርገው ማንበባቸው ስማቸው እስከ ዛሬ እንዲታወስ አድርጎታል።