አል-ጀዘሪ፦ መዘውሩ እኩል እንዲዞር የደከሙት መሐንዲስ



የዚህ ዕትም እንግዳችን አቡል-ዒዝ ኢስማዒል አል-ጀዘሪ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። መጠሪያቸው በዲጅላና በፉራት ወንዞች መካከል ካለው ከጀዚራ ምድር የመጣ ነው። ከ570 ሂጅራ ጀምሮ የአርቱቅ አሚሮችን አባትና ሁለት ልጆች በተከታታይ አገልግለዋል።

ከሥራዎቻቸው አንዱ ታላቁ የውሃ ሰዓት ነው። የገንዳው ውሃ ሲቀንስ በላዩ ያለው ተንሳፋፊ ይወርዳል፤ ሲወርድ ገመድ ይስባል፤ ገመዱም መዘውር ያዞራል። ነገር ግን ተራ ገንዳ እየጎደለ ሲሄድ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ፍሰቱም ይዘገያል። ያኔ የመዘውሩ ጠርዝ ይዘገያል፣ ሰዓቱም ይዋሻል።

ይህ በክፍል የምንማረው ታንጀንሻል አክስለሬሽን ነው። ስሌቱ የአንጉላር ፍጥነትን ለውጥ ለጊዜ አካፍሎ በሬዲየስ ማባዛት ነው። ሬዲየሱ 0.2 ሜትር የሆነ መዘውር በ6 ሰከንድ ውስጥ ከ3 ራዲያን በሰከንድ ወደ ዜሮ ቢወርድ፣ አንጉላር አክስለሬሽኑ −0.5 ራዲያን በሰከንድ ስኩዌር፣ የጠርዙ ታንጀንሻል አክስለሬሽን ደግሞ −0.1 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይሆናል። ገመዱ ካልተንሸራተተ የገመዱም አክስለሬሽን ያው ነው። ለትክክለኛ ሰዓት ይህ ቁጥር ዜሮ መሆን አለበት።

ቀመሩ የተጻፈው ከአል-ጀዘሪ ብዙ ዘመን በኋላ ቢሆንም ችግሩን በእጃቸው ፈትተውታል። ከቀደሙት ሊቃውንት በወረሱት ዘዴ፣ ውሃው ከፍ ሲል መግቢያውን የሚዘጋ፣ ዝቅ ሲል የሚከፍት ተንሳፋፊ ቫልቭ በትንሽ ክፍል ውስጥ አኖሩ። የውሃው ከፍታ ስላልተለወጠ ፍሰቱም እኩል ሆነ። ትላልቅ መዘውሮችንም ሚዛናቸውን ያስተካክሉ ነበር፤ የከበደ ጎን ሲወርድ ያፈጥናል፣ ሲወጣ ያዘገያልና።

የወረሱትን ሁሉ ግን እንዳለ አልተቀበሉም። በዚያ ዘመን የቀኑ ብርሃን ሁልጊዜ በ12 ስለሚከፈል የአንዱ ሰዓት ርዝመት ከወቅት ወቅት ይለያይ ነበር። ለዚህ የሚያገለግለውን የቀደሙት የፍሰት መቆጣጠሪያ ሲፈትኑት ጉድለት አገኙበት፤ ደጋግመው ሞክረውም አረሙት። በተግባር ያልተፈተነ ጥበብ በእውነትና በስህተት መካከል የተንጠለጠለ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

በአሚር ናሲሩዲን ማሕሙድ ትእዛዝ 50 መሣሪያዎችን የያዘውን መጽሐፋቸውን በ602 ሂጅራ (1206 እ.ኤ.አ.) ጨረሱ። ሌላ ባለሙያ አንብቦ መልሶ እንዲሠራቸው አሠራራቸውን ከነሥዕሉ አስቀመጡ።

ወንድሞችና እህቶች፣ መልሱን በወረቀት ካገኘን በኋላ መዘውሩን አዙረን እንለካው። አላህ የሚጠቅም ዒልም ይወፍቀን። አሚን።