ባለ አንድ እጁ ዳኛ ፍራንክ ቼስተር

ፍራንክ ቼስተር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ቡሺ በምትባል ከተማ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ለዎርስተርሻየር ቡድን ክሪኬት ሲጫወት ታላቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ነገር ግን በ1917 ዓ.ም. በሳሎኒካ ጦር ግንባር ቆስሎ ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች ተቆረጠ።

ቼስተር ግን ከሚወደው ሜዳ አልራቀም፤ ዳኛ ሆነ። ከ1924 እስከ 1955 ዓ.ም. 48 የአገር ለአገር ግጥሚያዎችን ዳኘ። የተወረወረውንም ኳስ በቀረችው እጁ በያዛቸው ትንንሽ ጠጠሮች ይቆጥር ነበር።

በክሪኬት ሁለቱም ቡድኖች ተራቸውን ሳይጨርሱ ሰዓቱ ካለቀ ጨዋታው ያለ አሸናፊ ይቀራል። ስለዚህ ወደ ማብቂያው አንዱ ይቸኩላል፤ ሌላው ሆን ብሎ ያዘገያል። ዳኛው ግን ለማንም ሳያደላ ስድስት ስድስቱን ኳስ ይቆጥራል፤ ሰዓት ሳይሞላ የተጀመረውን ዙር ያስፈጽማል፤ ከዚያም ጊዜው ማለቁን አስታውቆ በቋሚዎቹ ላይ የተጋደሙትን ትንንሽ እንጨቶች ያነሣል።

በ1953 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ ቼስተር ከሁለቱ ዳኞች አንዱ ነበር። አውስትራሊያ በ115 ደቂቃ 177 ነጥብ ያስፈልጋት ነበር። እንግሊዞች አወራወራቸውን አዘገዩና አውስትራሊያ በ147 ቀረች። ብዙዎች ተቈጡ፤ ሆኖም ዳኛ ሕጉን ይጠብቃል እንጂ ለተበደለ መስሎ ለታየው ደቂቃ አይጨምርም።

ቼስተር በ1957 ዓ.ም. ዐረፈ። እኛም ተማሪዎች ከሕይወቱ የምንማረው ይህን ነው፤ የጎደለ አካል ሰውን ከሥራ አያግደውም፤ እውነተኛ ዳኝነትም የሚፈተነው ሁሉም በሚጣደፍበት በመጨረሻው ሰዓት ነው።